ከጣቃ እስከ ካውያ፦ የአንድ የላክናው ሸሚዝ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፣ ሥራው ሲጀመር

ሰሜን ሕንድ ባለችው ላክናው ከተማ ውስጥ በእጅ የተጠለፈ ነጭ ሸሚዝ ሊገዛ የወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ሱቅ ያገኛል። በቾክ ገበያ ጠባብ መንገዶች ግራና ቀኝ ልብሱ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ ይሸጣል፤ ጥቂት መቶ ሩፒ የያዘ ሰው መርጦ፣ ተከራክሮ፣ አስጠቅልሎ ይወጣል። ሐዝራትጋንጅ አካባቢ ደግሞ መስታወት ውስጥ አንድ ሸሚዝ ብቻ የተሰቀለበት ቤት አለ፤ ዋጋው አልተለጠፈበትም፣ መጠየቁም ያሳፍራል። የመጀመሪያው በጥቂት እጥበት ክሩ መላላት ይጀምራል። ሁለተኛው ለሠርግ ካልሆነ በቀር ከሣጥን አይወጣም። አንዲት መምህርት ወይም የባንክ ሠራተኛ ከደመወዟ ቆጥባ የምትገዛው፣ ዓመታት የምትለብሰው፣ እውነተኛ የእጅ ሥራ ያረፈበት ሸሚዝ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲፈለግ ጭንቅ ነው።

ይህን የመካከለኛውን ሸሚዝ ልሠራው ተነሥቻለሁ። በሙያዬ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አዲስ አበባ የሐበሻ ቀሚስ ስሰፋ ኖሬ ባለቤቴ ለሦስተኛ ዲግሪው ሲመጣ አብሬው መጣሁ። እዚህ ሱቅ የለኝም፣ ጊዜ ግን አለኝ። ሦስት ነገሮችን ከመነሻው ወስኛለሁ። ጥልፉ አንድም ቦታ ላይ የመኪና እጅ አይገባበትም። ለጠላፊዋ የሚከፈለው በአበባ ቁጥር ሳይሆን በሥራ ቀን ነው። የሸሚዙ ጠቅላላ ወጪ ከ6,500 ሩፒ አይበልጥም። ነጋዴው ሁሉ ዛሬ ተመጣጣኝ ቅንጦት እያለ ይለጥፋል፤ ብዙውን ጊዜ ዋጋው የሚመጣጠነው ከጠላፊዋ ድርሻ ላይ ተቀንሶ ነው። እኔ ቅናሹን ከሌላ ቦታ ማምጣት ይቻል እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ።

ጥልፉ ቺካን ይባላል። በነጭ ስስ ጥጥ ላይ በነጭ ክር የሚሠራ ነው፤ ዛሬ በቀለምም ይሠራል፣ እኔ ግን ነጩን መርጫለሁ። አፈ ታሪኩ የንጉሥ ጃሃንጊር ባለቤት ኑር ጃሃን ወደ ሕንድ እንዳመጣችው ይናገራል። ላክናው ያለችበት የአዋድ ግዛት ገዢዎች እ.ኤ.አ. በ1775 መናገሻቸውን ከፋይዛባድ ወደ ላክናው ካዞሩ በኋላ ግን ጥልፉ የዚህች ከተማ መታወቂያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ የመነሻ ቦታ ጥበቃ ተሰጥቶታል፤ በወረቀት ላይ ሌላ ቦታ የተሠራ ጥልፍ የላክናው ቺካን ተብሎ መሸጥ አይችልም። ገበያው ውስጥ ግን መኪና የጠለፈው ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራል።

ጨርቁ

ማልማል የሚባለውን ስስ ጥጥ ፈልጌ ነው የዞርኩት። ሻጮቹ መጀመሪያ የሚዘረጉት ጆርጄት ነው፤ አይጨማደድም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ደንበኛ ይወደዋል። አብዛኛው ግን ከፕላስቲክ ዘር የተፈተለ ነው። ከጫፉ ጥቂት ክር መዝዤ በክብሪት አቃጠልኩ፤ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ከሆነ ጥጥ አይደለም። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። ሻጩ ሳይከፋው ክብሪቱን ራሱ አቀበለኝ።

ጨርቁ ስስ መሆኑ ለጌጥ ብቻ አይደለም። የቺካን ዋና ስፌት ባኪያ የሚሠራው ከጨርቁ ጀርባ ነው። ክሩ በኋላ በኩል ከአንዱ የቅጠል ጠርዝ ወደ ሌላው እየተመላለሰ በመስቀለኛ ይሞላል፤ በፊት በኩል የሚታየው የቅጠሉ ዙሪያ እንደ ነቁጥ ብቻ ነው። ውስጡን የሚያጠቁረው በጨርቁ ውስጥ አልፎ የሚታየው የክሩ ጥላ ነው። ወፍራም ጨርቅ ላይ ይህ ጥላ ይጠፋል፤ ልፋቱ ሁሉ ገበር ውስጥ እንደተቀበረ ይቀራል። ስለዚህ ርካሽ ነገር ፍለጋ ወደ ወፍራም ፖፕሊን መሄድ አያዋጣም። ሜትሩን በ240 ሩፒ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ገዛሁ። ወደ ብርሃን አንሥቼ ድርና ማጉ እኩል መሆኑን፣ የወፈረ ክር መሐል ለመሐል አለመኖሩን አይቻለሁ፤ በኋላ ጃሊ የሚባለው፣ ክሩን ገፋ አድርጎ ጥቃቅን ቀዳዳ የሚከፍተው ሥራ ሲመጣ የሽመናው እኩልነት ወሳኝ ነው።

ከሻንጣዬ አንድ አሮጌ ነጠላ ነበረችኝና በጎን እሷንም አስሞከርኩ። ባኪያው አምሮበታል፤ ነጠላ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ጥላው ቁልጭ ብሎ ወጣ። ጃሊው ግን አልያዘም፤ ሽመናው ላላ ያለ ስለሆነ የታሰሩት ክሮች ተንሸራተው ቀዳዳው ቅርጹን አጣ። ሽሮ ሜዳ ላይ ይህን ጥልፍ በነጠላ ጠርዝ ላይ ሊያሠራ የሚያስብ ካለ በባኪያና የእህል ፍሬ በሚመስሉት እብጥ ስፌቶች ይወሰን፤ ጃሊን ይተው።

ቅድ ከጥልፍ ይቀድማል

ልብስ ሰፊው ማስተር ጂ ነው የሚባሉት፤ በዚህ አገር ሰፊ ሁሉ ማስተር ጂ ነው። ጨርቁን መጀመሪያ ነክረው፣ አድርቀው፣ ተኩሰው ቀደዱት። ከዚያ ትከሻውንና ጎኑን በረጅምና ላላ ያለ ስፌት አያያዙት። ይህ ስፌት ለማኅተም አታሚው ምልክት ነው፤ አንገቱ የት እንደሚወድቅ፣ ስፌቱ የቱን ቅጠል ሊበላ እንደሚችል እያየ ያትማል።

እኛ ዘንድ ጥበቡ ከሸማኔው ቤት አልቆ ስለሚመጣ ሰፊው ቅዱን ለጥበቡ ያስገዛል። እዚህ ጥበቡ ለቅዱ ይገዛል። ለእኔ ይህ ትልቅ ዕፎይታ ነው፤ የአንገትጌውን ኩርባ ተከትሎ የሚሄድ ሐረግ ያለምንም መቆራረጥ ማግኘት እችላለሁ። ማስተር ጂ በየጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ትርፍ ተውልኝ። «ጎምቲ ወንዝ ላይ የሚያጥቡት ሰዎች ለጨርቅ አያዝኑም» አሉኝ።

ማኅተሙ

የአታሚው ቤት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በእንጨት ማኅተም የተሞላ ነው። ሐረግ፣ የማንጎ ቅርጽ፣ ጽጌረዳ፣ ጥንድ ዓሣ። ዓሣው የአዋድ ገዢዎች ዓርማ ስለነበር በከተማዋ አሮጌ በሮች ላይ እንደተቀረጸው በጥልፉም ላይ አለ። ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ ታጥቦ እንዲለቅ ተደርጎ ከሙጫ ጋር ይበጠበጣል። አታሚው ማኅተሙን ቀለም የጠጣ ጨርቅ ላይ ጫን አድርጎ ያነሣና ልብሱ ላይ አስቀምጦ በጡጫው ጎን ይመታዋል። አንድ ምት፣ አንድ አበባ።

የሸሚዙ ዋጋ የሚወሰነው እዚህ ቤት ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ለአታሚው አንድ ምት የሆነው ነገር ለጠላፊዋ የግማሽ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። እሱ በምት አይከፈልም፤ ሸሚዙን ሁሉ ቢሞላው ወይም ደረቱን ብቻ ቢያትም ከእኔ የሚቀበለው 80 ሩፒ ነው። ስለዚህ እጁ ቸር ነው። ከጀርባ፣ ከእጅጌ፣ ከታችኛው ጠርዝ ባዶ ቦታ ሲያይ ያሳዝነዋል፣ አንዲት ቅጠል ጣል ያደርጋል። ለዚህ ነው መጀመሪያ በአሮጌ አንሶላ ላይ ሙሉውን ንድፍ አሳትሜ ጨርቁን ሳላስነካ የሄድኩት። ንድፍ አውጪ ነኝ የሚል ሁሉ ከዚህ ቤት ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዷን ምት በሰዓት መመንዘር አለበት።

ከአፓ ጋር የተደረገ ድርድር

ጠላፊዋን አፓ ነው የሚሏቸው፤ ታላቅ እህት ለማለት ነው፣ እኔም እንዲሁ እላቸዋለሁ። በቾክ ጀርባ ባለው ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከምራታቸውና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይሠራሉ። የታተመውን አንሶላ ወለል ላይ ዘርግተው ረጅም ጊዜ አዩት። እያንዳንዱን ሐረግ በጣታቸው እየተከተሉ፣ በቃላቸው እየደመሩ ሄዱና «በደንብ ይሠራ ካልሽ 34 ቀን» አሉኝ።

ለአንድ የሥራ ቀን 500 ሩፒ ልከፍል ነው የወሰንኩት። ሂሳቡ 17,000 መጣ፤ ጨርቅ ሳይታሰብ፣ ሰፊ ሳይታሰብ። መስታወት ውስጥ የተሰቀለው ሸሚዝ ዋጋ ከየት እንደሚጀምር አሁን ገባኝ።

የቾክ ነጋዴ ይህን ችግር የሚፈታበት መንገድ የታወቀ ነው። ሥራው በቀን አይከፈልም፣ በቁራጭ ነው። ጨርቁ ከነጋዴው ወደ አገናኝ፣ ከአገናኙ ወደ ሌላ አገናኝ፣ ከዚያ ወደ ሴቶቹ ቤት ይወርዳል። በየደረጃው እየተቆነጠረ ለመርፌዋ ባለቤት የሚደርሰው የቀን ሥራ ዋጋ ተብሎ የማይጠራ ይሆናል። ሴቶቹም ሞኞች አይደሉም፤ በተከፈላቸው ልክ ስፌቱን ያርቁታል። ሰው ርካሹን ሸሚዝ ገዝቶ ጥልፉ ሻካራ ነው ብሎ ሲያማርር የሚያየው የጠላፊዋን ድክመት አይደለም፣ የተከፈላትን ገንዘብ ነው። ሩና ባነርጂ እ.ኤ.አ. በ1984 በዚህች ከተማ የሴዋ ላክናው ማኅበርን ሲመሠርቱ የተነሡበት ጉዳይ ይኸው ነበር፤ ሴቶቹ አገናኙን አልፈው ከገዢው ጋር በቀጥታ እንዲገናኙ።

እኔ ሌላ ሐሳብ አቀረብኩ። «አፓ፣ አበቦቹ ሁሉ ይቆዩ፤ የሩዝ ፍሬ የሚመስለውን እብጥ ስፌት ትተን በተራ ስፌት ብንሠራቸውስ?» ተራው ስፌት ቴፕቺ ይባላል፤ ወጣ ገባ እያለ የሚሄድ ፈጣን ስፌት ነው። አፓ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ቴፕቺ ለመሙያ ነው። ብዙ ቴፕቺ ካለበት ሸሚዝ ላይ ሰው ምን ያያል? ሁለት አበባ አድርጊና ሁለቱም ይታዩ።»

ከዚያ በኋላ ሥራው ማጥፋት ሆነ። እርሳቸው እርሳስ ይዘው፣ እኔ ሸሚዙን ለብሼ እንደምቆም እያሰብኩ፣ ሰው ሲያናግረኝ ዓይኑ የሚያርፍበትን ብቻ አስቀረን። ጀርባው ሙሉ በሙሉ ወጣ፤ በወንበር ድጋፍ የሚፈተግ ጥልፍ ዕድሜውም አጭር ነው። የታችኛው ጠርዝ ወጣ። ከእጅጌው የእጅ አንጓው ዙሪያ ብቻ ቀረ። አንገትጌውን ተከትሎ የሚወርድ አንድ ሐረግ፣ በቁልፎቹ መሥመር ግራና ቀኝ ትንንሽ ማንጎዎች፣ ማንጎዎቹ ውስጥ ጃሊ። የተረፈው የአፓ ሰባት ቀንና የጃሊ ሠሪዋ ሁለት ቀን ነው። ጃሊ ሠሪዋ ሌላ ሴት ናት፤ እዚህ ሁሉም ሰው ሁሉን ስፌት አይሠራም፣ ባለ ጃሊዋ ጃሊ ብቻ ትሠራለች። ለእሷ በቀን 600 ተስማምተናል።

አንድ ነገር ገርሞኛል። ንድፉ ሲሳሳ ድህነት ይታይበታል ብዬ ነበር የፈራሁት። ወደ አታሚው ተመልሰን በእውነተኛው ጨርቅ ላይ ሲታተም ግን ነጩ ሜዳ ራሱ ሐረጉን አጉልቶ አወጣው። አታሚው ግን እስከ መጨረሻው አላመነበትም፤ ጀርባው ላይ አንዲት ዓሣ በነጻ ላትምልሽ ብሎ ለመነኝ።

ኅዳር፣ ወደ ዘርዶዚ ቤት ጎራ ማለት

አንገትጌው ላይ አንድ ቀጭን የወርቅ መሥመር ያስፈልገው ይሆን የሚል ሐሳብ ሽው ስላለብኝ ወደ ዘርዶዚ፣ የወርቅ ክር ጥልፍ፣ ሠሪዎች ሄድኩ። ወቅቱ የሠርግ ነው፤ ቤቱ ፋታ የለውም። አዳ የሚሉት ከአራት እንጨት የተገጣጠመ ረጅም መወጠሪያ ክፍሉን ሞልቶታል። ዙሪያውን ወንዶች መሬት ላይ ተቀምጠው በአንድ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ሁሉም ጎንበስ ብለዋል። የያዙት ጫፉ የተቆለመመ መርፌ ነው፣ አሪ ይሉታል። ከላይ ወደ ታች ይወጋል፣ ከጨርቁ ሥር ያለችው ሌላኛዋ እጅ ክሩን ታቀብለዋለች፣ መንጠቆው ይዞት ይወጣል፤ ሰንሰለት ስፌት በዓይን ከሚከተሉት በላይ ፈጥኖ ይወለዳል። ይህ መንጠቆ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ወደ አውሮፓ ተሻግሮ የፈረንሳይ ጠላፊዎች ዛሬም በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ።

የጥንቱ የወርቅ ክር የብር ሽቦ በወርቅ ተለብጦ የሚሠራ ነበር። ዛሬ ለብዙው ሥራ የሚገባው መዳብ ወይም የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ነው። የቤቱ ባለቤት ሁለቱን በመዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ልዩነቱ በመጀመሪያ የሚታወቀው በክብደቱ ነው። ጥምዝምዟ ሽቦ በመቀስ እንደ ዶቃ ተቆራርጣ በመርፌ እየተሳካች ትሰፋለች፤ ዳብካ ይሏታል። የፕላስቲኩን ገዝቼ ሸሚዙ ላይ ላስቀምጥ አልፈለግኩም፣ የእውነተኛው ዋጋ ደግሞ የአፓን ሰባት ቀን ይበላብኛል። ከዚህም ሌላ ቺካን ተፈትጎ ይታጠባል፣ ዘርዶዚ ውሃ አይወድም። ሁለቱን በአንድ የዘወትር ሸሚዝ ላይ ማዋሀድ ልብሱን ለሣጥን መዳረግ ነው። የወርቁ መሥመር ቀረ።

ከዚያ ቤት ስወጣ ሙምባይን እያሰብኩ ነበር። የፓሪስና የሚላን ታላላቅ የፋሽን ቤቶች በመድረክ ከሚያሳዩት ጥልፍ ጥቂት የማይባለው ሙምባይ ውስጥ በእንዲህ ዓይነት አዳ ላይ የሚሠራ ነው። ዓመታት ሙሉ ይህ በዝምታ ታልፏል። የፓሪሱ የፋሽን ቤት ዲዮር እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 2023 ሙምባይ ላይ የሕንድ በር በሚባለው ሐውልት ፊት ትርኢቱን ሲያቀርብ ለዓመታት አብሮት የሠራውን የቻናክያን ጥልፍ ቤት ስም ወደ ፊት አመጣ። መልካም ነው። ሆኖም ከልብሱ አንገት ሥር ያለው ትንሽ ምልክት ላይ የጠላፊዎቹ ስም ዛሬም የለም። በእኔ ሸሚዝ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የአፓና የጃሊ ሠሪዋ ስም በክር ይጻፋል፤ ሁለቱም ፈቅደዋል። ይህ የሚያስጨምረው ወጪ ሩብ ሰዓት ነው።

ኅዳር፣ ጥልፉ ሲሄድ

አፓ ክሩን ከጥቅሉ መዝዘው ዘሮቹን ይቆጥራሉ፤ ለባኪያው ትንሽ፣ ለሩዝ ፍሬው ትንሽ ጨመር ያለ። ጨርቁን በግራ እጃቸው አመልካች ጣት ላይ ወጥረው ይይዙታል፤ ቀለበት መወጠሪያ አይጠቀሙም። ባኪያው ፈጠን ይላል። ሙሪ የሚባለው ፍሬ ላይ ሲደርሱ ንግግር ይቆማል። አንድ አጭር ስፌት ያኖራሉ፣ በላዩ ላይ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ፣ መሐሉ አብጦ ሁለቱ ጫፎቹ እስኪሾሉ ድረስ። ሲያልቅ በጣት ሲዳሰስ የሚቆረቁር የሩዝ ፍሬ ይሆናል። የአበባው እምብርት ላይ የምትቀመጠው ክብ ቋጠሮ ፋንዳ ናት፣ የማሽላ ፍሬ የምታክል። ከሁለቱ ሙሪ ጠላፊ እየጠፋ ነው ይላሉ አፓ፤ ምክንያቱን ሲያስረዱ የሚያነሡት ዓይን ወይም ትዕግሥት አይደለም። «በቁራጭ ሲከፈል ሙሪ የምትሠራ ሴት ትራባለች» አሉኝ።

ጃሊ ሠሪዋ የመጣችው ማንጎዎቹ ዙሪያቸው ካለቀ በኋላ ነው። ልጅ እግር ናት፣ ትዳር ይዛ ሁለት ሕፃናት አሏት፣ መነጽር አታደርግም። መቀስ አልያዘችም። ይህን ልብ ብያለሁ፤ ምክንያቱም በመኪና የሚሠራው ማስመሰያ አብዛኛውን ጊዜ ጨርቁን ቀዳዶ ዙሪያውን በመስፋት ነው። እሷ በመርፌዋ ጫፍ ጥቂት የድር ክሮችን ወደ ጎን ገፋ ታደርጋለች፣ በቀጭን ክር አንዴ ጠምጥማ ታጠብቃለች። ከዚያ ማጉን እንዲሁ። አንድም ክር አይቆረጥም፣ አንድም አይመዘዝም፤ የነበረው ሁሉ እዚያው አለ፣ ተጠጋግቶ ብቻ መንገድ ለቋል። ቀዳዳዋ የመርፌ ራስ የምታክል ነች። ቀጥላ ጎኗ ላይ ሌላ ትከፍታለች፣ ርቀቱን በዓይኗ ለክታ። እጅግ አጥብቃ ብትስብ ጨርቁ ይኮማተራል፣ ብታላላው ቀዳዳው ይዘጋል። አንድ ማንጎ ሲሞላ ከበስተጀርባው እጄን አስገባሁ፤ የቆዳዬ ቀለም በጥቃቅን ነጥቦች ተከፋፍሎ ታየ።

የዚህን ሥራ እውነተኛነት ለመለየት ገዢው ልብሱን ይገልብጠው። የመኪና ጥልፍ ጀርባው ላይ ከፊቱ የተለየ ቀጭን የታች ክር አለው፣ እርምጃውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው። የእጁ ጀርባ ቋጠሮ አለው፣ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው የተሻገረ ክር አለው፣ ሁለት ቅጠሎች ፈጽሞ አንድ አይሆኑም።

ታኅሣሥ፣ ጭጋግ

ሥራው ዘግይቷል። ላክናው በዚህ ወር ጭጋግ ውስጥ ናት፤ ጠዋት ማዶው ቤት አይታይም። ነጭ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ በአምፖል ብርሃን መሥራት ዓይን ያጠፋል ብለው አፓ ቁርጥ አድርገው ነግረውኛል፤ እኔም ቀጠሮውን አራዝሜአለሁ። ለአንድ ሸሚዝ ችግር የለውም። ሃምሳ ሸሚዝ ለደንበኛ ቃል ለገባ ሰው ግን የቀን መቁጠሪያው ከዚህ ጭጋግ መጀመር አለበት። የዚህ ብርድ በጎ ጎን ቾክ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሸጠው ኒሚሽ ነው፤ ከወተት አረፋ የተሠራ፣ ሻፍራን ጣል የተደረገበት፣ ፀሐይ ስትወጣ የሚረግፍ። ከብርዱ ወራት ውጪ አይገኝም።

ጎምቲ ዳር

ከጠላፊዋ እጅ የወጣው ሸሚዝ ለዓይን አይስብም። ሰማያዊው ማኅተም አለ፣ የእጅ ወዝ አለ፣ የሻይ ነጠብጣብም አለ። ለሚያይ ሰው የተበላሸ ልብስ ይመስላል።

አጣቢዎቹ ወንዝ ዳር ናቸው። ልብሱ መጀመሪያ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ሰማያዊው እስኪለቅ ይፈተጋል፣ ይነጣል፣ ታጥቦ ስታርች ይገባና ገመድ ላይ ይሰጣል። ማስተር ጂ እንዳሉት ለጨርቅ የሚያዝን የለም። ርካሹ ሥራ የሚጋለጠው እዚህ ነው፤ ጫፉ ያልታሰረ ክር ሁሉ በዚህ ፍተጋ ይፈታል። የእኛው ጸንቶ ወጣ። የአንገትጌው እጥፋት ውስጥ ብቻ ትንሽ ሰማያዊ ቀርቶ ስለነበር መልሰው አጠቡት፣ ተጨማሪ ገንዘብ አልጠየቁኝም። ሸሚዙ በርዝመቱ አጠር ብሏል፤ የተተወው ትርፍ ጨርቅ ሒሳቡን ሸፍኖታል።

ከእጥበቱ በኋላ ጥልፉ ሌላ ነገር ሆነ። ሰማያዊው እያለ ዓይን የሚከተለው የማኅተሙን መሥመር ነው። ሲለቅ መሥመሩ ጠፍቶ የቀረው ጥላና እብጠት ብቻ ነው፤ ባኪያው ከውስጥ ደብዘዝ ብሎ፣ የሩዝ ፍሬዎቹ ከላይ ብቅ ብለው።

ጥር፣ ስፌትና ሒሳብ

ማስተር ጂ ላላውን ስፌት ፈትተው በውስጥ በኩል ጠርዙን አጥፈው በደንብ ሰፉት። ጨርቁ ስስ ስለሆነ በመኪና የተጠለፈ ጠርዝ ከውጪ ይታያል፤ ስለዚህ ጥሬው ጠርዝ እጥፋት ውስጥ ተዘግቶ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። የፕላስቲክ ቁልፍ አልቀበል ብዬ የዛጎል ቁልፍ ገዛሁ። ሲተኮስ ከጀርባው ነው፣ ከሥሩ ወፍራም ፎጣ ተነጥፎ፤ ከፊት ከተተኮሰ የሩዝ ፍሬዎቹ ይደፈጠጣሉ። ይህን መመሪያ ከሸሚዙ ጋር ጽፌ እሰጣለሁ።

ወጪው እነሆ። ጨርቅ 600፣ ማተሚያ 80፣ ክር 50፣ የአፓ የእጅ 3,500፣ የጃሊ ሠሪዋ የእጅ 1,200፣ እጥበት 150፣ ቅድና ስፌት 700፣ ቁልፍ 120። ድምሩ 6,400 ሩፒ። ከዚህ ውስጥ የሁለቱ ጠላፊዎች ድርሻ 4,700 ነው፤ ከመቶ 73 ማለት ነው። በ9,500 ሩፒ ብሸጠው የማመላለሻና የእኔ ድካም ይወጣል፣ መጠነኛ ትርፍም ይተርፋል። ርካሽ አይደለም። መስታወት ውስጥ ከተሰቀለው ጋር ሲነጻጸር ግን ቆጥቦ የሚደረስበት ነው፤ ቅናሹም የመጣው ከጀርባው፣ ከታችኛው ጠርዝና ከእጅጌው ላይ ከወጡት አበቦች ነው።

ለሚተቸኝ ሰው መልስ አለኝ። አንዲት የአገሬ ልጅ ሸሚዙን አይታ «በዚህ ዋጋ ከቾክ ሙሉ ጥልፍ የሞላበት ይገኛል» አለችኝ። ይገኛል። ሁለቱንም ገልብጣ ጀርባቸውን እንድታይ ጋበዝኳት፤ ካየች በኋላም የሞላው ይሻለኛል አለች። ሁሉም ደንበኛ የእኔ ደንበኛ አይሆንም።

ጥር መጨረሻ፣ ቀጣዩ ዙር

ሁለተኛው ዙር ስድስት ሸሚዝ ነው፣ በሦስት ልክ። አንገትጌው ይቀየራል፤ የተጋደመው አንገትጌ ጥልፉን በከፊል ስለሚሸፍነው ቀጥ ብሎ የሚቆም አጭር አንገትጌ ይሆናል። የእጅ አንጓው ላይ ያለው ሐረግ ሰዓት በሚታሰርበት በኩል ይነሣና በአንዱ እጅ ብቻ ይቀራል፤ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ያስቀራል፣ ያም ወደ ማንጎዎቹ ይሄዳል። ጃሊ ሠሪዋ እህቷን እያሠለጠነች ስለሆነ ለመማሪያው ጊዜም ክፍያ ጠይቃለች፤ በቀን 300 ተስማምተናል። አፓ ሥራው ረመዳን ከመግባቱ በፊት እንዲያልቅ ይፈልጋሉ።

ነባሮቹ ማኅተሞች ለጠባብ አንገትጌ ይተልቃሉ። ጠራቢው ከሺሻም እንጨት አነስ ያለ ሐረግና፣ አታሚው ደስ እንዲለው፣ አንዲት ትንሽ ዓሣ ይቀርጽልናል። ዓሣዋ ውስጠኛው ጠርዝ ላይ፣ ከጠላፊዎቹ ስም አጠገብ ትገባለች። ቀብድ 300 ሩፒ ከፍያለሁ፤ የካቲት መጀመሪያ ላይ ይደርሳል ተብያለሁ።